ከወልድያ እስከ ውርጌሳ፦ የአባባን አምስተኛ ስንኝ ፍለጋ

መነሻ፣ ወልድያ

በጥር ወር፣ አንድ ማክሰኞ ማለዳ፣ ከወልድያ ተነሥቼ በሲሪንቃና በመርሳ በኩል ወደ ውርጌሳ ሄድኩ። ለገበያ አልሄድኩም፤ ለለቅሶም አልነበረም። ሦስት ስንኝ ፍለጋ ነው የሄድኩት። ይህን ስነግራት ጎረቤቴ ሳቀችብኝ። "በዚህ ጊዜ ሰው ዘይት ፍለጋ ይሄዳል እንጂ ግጥም ፍለጋ ይሄዳል?" አለችኝ። እውነቷን ነው። ከተማችን ከተለቀቀች ገና ሁለተኛ ወሯ ነበር። መብራት ይመጣል፣ ይሄዳል። በቆቦ በኩል አንዳንድ ቀን የከባድ መሣሪያ ድምፅ ይሰማል።

ነገሩ የአባባ ነው። አባባ የምላቸው የእናቴን ታላቅ ወንድም ነው። እናቴ በልጅነቴ ስለሞተችብኝ እሳቸው ወስደው አሳደጉኝ፤ እስከ አራተኛ ክፍልም አስተማሩኝ። የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን መጋቢ ናቸው፤ መዝሙርም ይደርሳሉ። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ እሳቸው፣ እኔና ልጄ ሕይወት በአንድ ጣሪያ ሥር ነን። ጦርነቱ ከተማችን ውስጥ ሳለ አባባን ድንገተኛ ሕመም ግማሽ አካላቸውን መታቸው። ቀኝ እጃቸውና ቀኝ እግራቸው አይታዘዝም፤ አንደበታቸውም ተያዘ። የሚችሉት በግራ እጃቸው መጠቆምና ማንጎራጎር ብቻ ነው።

በየማለዳው ያንን ግራ እጃቸውን አንሥተው ጥግ ያለውን የእንጨት ሳጥን ይጠቁማሉ። ቁልፉ በክር ታስሮ አንገቴ ላይ ነው። ምን እንደሚፈልጉ አውቃለሁ፤ የመዝሙር ደብተራቸውን ነው። እኔም "ተቀምጧል፣ አባባ፣ አይዞዎት" እላለሁ። ደብተሩ ግን ሳጥኑ ውስጥ የለም። አቃጥዬዋለሁ።

ያቃጠልኩት በፍርሃት ነው። አባባ መዝሙር ሲደርሱ ለየሰው ያካፍላሉ። ሁለት ሁለት መስመር ነው፤ እኛ ስንኝ እንለዋለን። አንዱን ስንኝ ለወልድያ ሰው፣ አንዱን ለመርሳ ሰው ይሰጣሉ። የተሰጠው ሰው በቃሉ ይይዛል፤ በዓመት አንድ ቀን ስንሰበሰብ እያንዳንዱ የራሱን ይዘምራል፣ አዝማቹን ሁላችንም እንቀበላለን። ባለቤቱ በቦታው ሳለ የሰውን ስንኝ ሌላ ሰው አይዘምርም። እኔ ግን ጠንቃቃ ነኝ። "ሰው ቢሞትስ? ቢረሳስ?" ብዬ ስለነዘነዝኳቸው፣ አባባ እየነገሩኝ እኔ በደብተር ጻፍኩት። ከየስንኙ አጠገብ የባለአደራውን ስምና አገር አሰፈርኩ።

ከተማው ተይዞ የቤት ለቤት ፍተሻ ሲመጣ ያ ደብተር ትዝ አለኝ። ስም፣ አገር፣ ስም፣ አገር! የሰላይ ዝርዝር ነው ቢሉኝ ምን እመልሳለሁ? ሕይወት አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ከኋላዬ ቆማለች። ታጣቂዎቹ የጎረቤትን በር ሲያንኳኩ ደብተሩን ቀዳድጄ ከሰሉ ላይ ጣልኩትና ጭሱ እንዳያስጠረጥር ጀበናውን ትቼ የሻይ ማንቆርቆሪያ ጣድኩበት። ሲገቡ "ሻይ ጠጡ" አልኳቸው። ጠጡና ሄዱ። አባባ ያን ጊዜ ውርጌሳ ነበሩ።

ሐኪሙ በቅርቡ "ሁለተኛ ከደገማቸው አይችሉትም" አለኝ። እንግዲህ ሳይደግማቸው ስንኞቹን ከየሰው ለቅሜ መልሼ ልጽፍና ያንን ደብተር በእጃቸው ላኖር ቆርጬ ተነሣሁ። አምስት ናቸው። አንዱ የራሴ ነው። የሐራ ከተማው ባለአደራ ተፈናቅሎ ወልድያ ስላለ የእሱን ተቀብያለሁ። የቀሩት የሲሪንቃ፣ የመርሳና የውርጌሳ ናቸው።

አንባቢ "በእጅሽ የጻፍሽውን እንዴት ረሳሽው?" ይለኝ ይሆናል። እኔ ስጽፍ ቀስ ብዬ፣ ፊደል እየቆጠርኩ ነው። ፊደሉን ስከተል ቃሉ አመለጠኝ፤ መዝሙሩም አዲስ ስለሆነ ገና ተሰብስበን አልዘመርነውም።

ለሕይወት መድኃኒቱን በየሰዓቱ ለይቼ ሰጠኋት። "ስታገላብጫቸው ትራሱን እንዳትረሺ። ሾርባውን አቀዝቅዢው። በሩን ሳታጣሪ እንዳትከፍቺ።"

"እማዬ፣ ሦስተኛሽ ነው።"

"ምኑ?"

"ይህን ስትነግሪኝ። ሂጂ አሁን፣ መኪናው ያመልጥሻል።"

ወጥቼ ተመለስኩና የበሩን መቀርቀሪያ ነካሁ። አባባ ከአልጋቸው አዩኝ፤ በግማሽ አፋቸው ፈገግ አሉ። የእኔ ስንኝ ስለዚህ ነገሬ ነው የተደረሰው፦

በሩን ዘጋሁና፣ ተመልሼ አየሁት፣
ጌታዬ ሳይተኛ፣ ነቅቶ አገኘሁት።

መንገድ ላይ

በባጃጅ እስከ መናኸሪያ፣ ከዚያ በሚኒባስ። ነዳጅ በጀሪካን እየተሸጠ ስለነበር ታሪፍ የሚባል ነገር የለም፤ እስከ ሲሪንቃ ስድሳ ብር ከፈልኩ። በመስኮቱ በኩል ማሽላው ታጭዶ አገዳው ተከምሯል። ከመንገዱ ዳር የተቃጠለ የጭነት መኪና አለ፤ ጎማ የሌለው፣ ዝገት የጀመረው። ጣሪያው ላይ ዶሮ ወጥታ ትጭር ነበር።

እግረ መንገዴን ስለ አባባ ልናገር። የተወለዱት ሐብሩ ውስጥ ነው። በወጣትነታቸው በየሠርጉ አምባሰል እያዜሙ የሚጋበዙ ነበሩ። ካመኑ በኋላ ዜማውን አልጣሉትም፤ "ዜማው የወሎ ነው፣ ቃሉን ብቻ ለጌታ እንቀይርለት" አሉ። በደርግ ጊዜ ታሰሩ። ሲታሰሩ የመጀመሪያውን የመዝሙር ደብተራቸውን ካድሬዎች ፊታቸው አቃጠሉት። ከእስር ሲወጡ አንዲት መዝሙር እንኳ በወረቀት አላሰፈሩም። ስንኝ ለሰው ማካፈል የጀመሩት ያን ጊዜ ነው። "ከሰው ልብ ማን ነጥቆ ያቃጥላል?" ይሉ ነበር።

እንግዲህ እኔ ያደረግሁትን አስቡት። ካድሬዎቹ ያደረጉባቸውን ነገር የገዛ ልጃቸው ደገምኩባቸው።

ከዚያ በኋላ አርባ ዓመት ሊሞላ ምን ቀረው፣ በእግር፣ በአህያ፣ በጭነት መኪና እየዞሩ አገለገሉ። ምእመኖቻቸው ጥቂት ናቸው፤ መርሳ ላይ አሥር ቤት፣ ውርጌሳ ላይ ሦስት ቤት። ልጆች "ጴንጤው መጣ!" እያሉ ይከተሏቸዋል፤ እሳቸው ደግሞ ዞር ብለው "ጴንጤውማ መጣ፣ እናንተስ ፊታችሁን ታጥባችኋል?" ይላሉ።

ሲሪንቃ

የሲሪንቃው ባለአደራ ሸማኔ ነበር። ነበር ያልኩት ጦርነቱ ስለወሰደው ነው፤ ደጃፉ ላይ ከባድ መሣሪያ ወደቀ። ይህን ወሬ ሰምቼ ነበር፤ ሚስቱ ፋንታዬ ስንኙን ትይዘው ይሆናል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነው የሄድኩት። እኩያዬ ናት። ተቃቅፈን ብዙ አለቀስን። ከዚያ ወደ ውስጥ አስገባችኝ። የሸማው ዕቃ እንደነበረ አለ፤ ጅምሩ ጥለት ላይ አቧራ ተኝቷል።

"ቃሉን አልያዝኩትም" አለች። "ሥራ ላይ ሆኖ ነው የሚያንጎራጉረው። ቃሉን ለእናንተ ቀን ያስቀምጠዋል፤ ለእኔ ዜማውን ብቻ ነው የሚያሰማኝ።"

"እስኪ ዜማውን።"

በጣቷ የዕቃውን እንጨት እየመታች አንጎራጎረችልኝ። መወርወሪያው ሲሄድና ሲመለስ ያለው ምት አለበት፤ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ። ቃል የለውም። ስትጨርስ ቀና ብላ አየችኝ።

"ደብተሩ ላይ ግን አለ አይደል? አንቺ ነሽ የጻፍሽው። ስትመለሺ አንብቢልኝ። ምን እያለ እንደነበር ማወቅ እፈልጋለሁ።"

"እሺ" አልኳት። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ እሺ አልኳት።

መርሳ

የመርሳ አየር ሞቅ ይላል። ጦርነቱ ብዙ ነገር ቢወስድም ፍራፍሬ ተራው ተመልሶ ነበር፤ ፓፓያ፣ ሙዝ፣ ብርቱካን በየሸራው ላይ ተደርድሯል። ሁለት ግመሎች የማሽላ አገዳ ተጭነው መሐል መንገድ ቆመው መኪና ያስጠብቃሉ። እትዬ ጥሩወርቅን ከሩቅ በድምፃቸው ለየኋቸው። ከስልሳ ዓመት ያለፉ የብርቱካን ነጋዴ ናቸው፤ የመርሳው ስንኝ የእሳቸው ነው።

"እኔ ሞቼ ነው የመጣሽው ወይስ ሳልሞት?" አሉኝ ጉንጬን ስመው።

"ኧረ እትዬ!"

"ታዲያ ወረቀትና እስክሪብቶ ምን ያደርግልሻል? መጋቢው የሰጡኝን ልትቀሚኝ ነው?"

ቀስ ብዬ ስለ አባባ ሕመም ነገርኳቸው። አንድ ብርቱካን በነጠላቸው ጠርገው በእጄ አኖሩ። ከዚያ ሳላስበው፣ በገበያው መሐል፣ ጮክ ብለው ጀመሩ፦

የመርሳ ብርቱካን፣ ቅርፊቱ መራራ፣
ውስጡን ለቀመሰ፣ ጌታዬ ምን ሠራ!

"እትዬ ጥሬ ዛሬም ጀመረሽ!" አላቸው አንዱ የግመል ባለቤት።

"አንተ ግመልህን ከመንገድ አንሣ! እኔ መዝሙር ነው የማነሣው።"

ገበያው ሳቀ። እሳቸው አዝማቹንም ጨምረው ዘመሩ፤ እኔም ተቀበልኳቸው፦

መንገዱ ረዘመ፣ ብዬ አላማርርም፣
አብሮኝ የሚሄደው፣ ጫማ አያወልቅም።

ስጽፍ እጄን ሲያዩ ነበር። "ደብተሩ የት ሄዶ ነው እንደገና የምትጽፊው?" አሉ።

"አለ፤ ግን ረጥቦ..." አልኩ። ሁለተኛ ውሸት። በአንድ ቀን ውስጥ።

እትዬ ጥሩወርቅ ስድስት ብርቱካን በፌስታል አድርገው "ለእሳቸው ነው፤ አንቺ እንዳትበይው" አሉና ገንዘቤን እንቢ አሉ።

ኬላው

ከመርሳ ወጥተን ወደ ውርጌሳ ስንሄድ ኬላ አለ። ሁላችንም ወረድን። ጥበቃው መታወቂያዬን አይቶ መለሰልኝ፤ ቦርሳዬን ሲከፍት ወረቀቱን አገኘ። ያኔ ደብተሩን ያቃጠልኩት ልክ ይህን ቀን ፈርቼ ነበር።

"የመርሳ ብርቱካን ቅርፊቱ መራራ" ብሎ አነበበ። ደግሞ አነበበ። "ይህ ምንድን ነው? ምልክት ነው እንዴ?"

"መዝሙር ነው።"

"ብርቱካን ነው መዝሙር?"

ከተሳፋሪዎቹ አንድ ሽማግሌ "ልጄ፣ ሴትዮዋ ደንግጣለች፣ ተዋት" አሉት። እሱ ግን ወረቀቱን አልለቀቀም። "መዝሙር ከሆነ ዘምሪው" አለኝ።

እኔ ሰው ፊት ብቻዬን ዘምሬ አላውቅም። ድምፄ ሲወጣ የእኔ አልመሰለኝም፤ ቀጭን ነበር። "ጌታዬ ምን ሠራ" የሚለው ላይ ስደርስ አንዲት ሻሽ ያሰረች ሴት ማጨብጨብ ጀመረች፤ ከዚያ ሾፌሩም። ጥበቃው ፊቱ ፈታ አለ። "ዜማው የሠርግ ነው" አለ።

"አዎ። በፊት የሠርግ ነበር።"

"እናቴ ትለዋለች፤ ቃሉ ሌላ ነው" አለና ወረቀቱን በአራት አጥፎ መለሰልኝ። መኪናው ውስጥ ገብቼ እስከ ውርጌሳ አንድ ነገር እያብሰለሰልኩ ነበር፤ ስሞች ባልኖሩበት እንኳ ወረቀቱ ተይዟል፣ ያወጣው ደግሞ መዘመሩ ነው።

ውርጌሳ

አባባ ከውርጌሳ ሲመለሱ በማግስቱ ነው የታመሙት። ከዚያ በፊት አንድ ነገር ብቻ ነግረውኛል፤ "አምስተኛውን ስንኝ ውርጌሳ፣ ይማም ዘንድ አስቀምጫለሁ።" ይህኛው ደብተሩ ላይ ያልደረሰ ነውና የማውቀው ስሙን ብቻ ነው።

"ይማም?" አለኝ ሱቅ ያለው ሰውዬ። "እህቴ፣ እዚህ ይማም እንደ ድንጋይ ነው። የቱን?"

"በጦርነቱ ጊዜ አንድ መጋቢ ያስጠለሉትን።"

ሰውዬው አሰበ፤ ከዚያ ፈገግ አለ። "አ! የደንቆሮው ወንድም! ቀጥ ብለሽ ውረጂ፤ ወንዙ ጋ ስትደርሺ ጠይቂ።"

ግማሽ ሰዓት ወረድኩ። ጋሽ ይማም ደጃቸው ላይ የማሽላ አገዳ ይከምሩ ነበር። ነጭ ጺም ያላቸው፣ ረጅም፣ ነፋሱ ቀዝቃዛ ሆኖ ሳለ በስስ ኮት የቆሙ ሰው ናቸው። ስሜንና የማን እንደሆንኩ ነገርኳቸው።

"የመጋቢው ልጅ! አልሐምዱሊላህ! ዘሀራ፣ ነይ ውጪ፣ የደንቆሮው ልጅ መጣች!"

ሚስታቸው ዘሀራ ወጥተው አቀፉኝ። "ይህን ስም እስከ ዛሬ አልተወውም" አሉ እየሳቁ።

ታሪኩን ያወቅሁት እዚያ ነው። ውጊያው መንገዱን ሲዘጋው አባባ በጋሽ ይማም ቤት ቀሩ። ፍተሻ ሲመጣ ጋሽ ይማም "ታላቅ ወንድሜ ነው፤ ጆሮው አይሰማም፣ አፉም አይናገርም" ይሉ ነበር።

"ዝም ማለት ለአባትሽ እንዴት ከባድ እንደሆነ ታውቂያለሽ" አሉኝ። "ታጣቂዎቹ እንደወጡ እንደ ተከፈተ ቦይ ይፈሳል! ቀኑን ሙሉ የታመቀውን ሁሉ።"

"እንዴት ተዋወቃችሁ?" ብዬ ጠየቅሁ።

ጋሽ ይማም ዘሀራን አዩ፤ ዘሀራ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። "ንገራት፣ ንገራት" አሉ።

"ወጣት ሳለሁ ከብት ላጠጣ ወንዝ ወረድኩ። አንድ ሰው ሌላውን ሰው አንገቱን ይዞ ውኃ ውስጥ ሲደፍቀው አየሁ። ዳር ላይ ያሉት ደግሞ ያጨበጭባሉ! 'ያ አላህ፣ ሰው እየገደሉ ይዘፍናሉ' ብዬ ከነልብሴ ዘልዬ ገባሁና ሰውዬውን ጎትቼ አወጣሁት። ለካ እያጠመቀው ነበር! አባትሽ ተቆጣ ብለሽ? ውኃ ውስጥ ቆሞ እየሳቀ 'አንተም ገብተህ ወጣህ፤ ሳታምን ስለሆነ ግን አይቆጠርልህም' አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወንድሜ ነው።"

ስለ ሕመሙ ስነግራቸው ግን ሳቁ ጠፋ። ከመሬት አንድ አገዳ አንሥተው ይሰባብሩት ጀመር። "እዚህ ሲያስመስል የቆየው እውነት ሆነበት" አሉ ቀስ ብለው።

ዘሀራ በማሽላ እንጀራ ሽሮ አቀረቡልኝ። "መጋቢው የሰጠናቸውን ሁሉ ባርከው ይበሉ ነበር። አንቺን ግን አላውቅሽምና በሥጋ እንዳንቸጋገር ብዬ ነው" አሉኝ። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ደስ ይለኛል፤ የእኔው ዓይነት ነው። በልቼ ወረቀቴን አወጣሁ።

"ጋሽ ይማም፣ ስንኙን ይንገሩኝና ልጻፈው።"

"አይሆንም።"

"ለምን?"

"አደራ ነዋ፣ ልጄ። አማና። ቆሎ አይደል በኪስሽ ይዘሽልኝ የምትሄጂው። ያስቀመጠው ሰው ፊት ነው የሚመለሰው። ደብተር አላችሁ ብሎኛል፤ ወረቀት ካስፈለገ እሱ አለ።"

ያን ጊዜ አልቻልኩም። ለፋንታዬና ለእትዬ ጥሩወርቅ የደበቅሁትን ለማላውቃቸው ሰው አወጣሁት። ፍተሻውን፣ ከሰሉን፣ ሻዩን ሁሉ ነገርኳቸው። ጋሽ ይማም አፋቸውን ከፍተው ሰሙኝ።

"ቆይ፤ በመዝሙሩ እሳት ሻይ አፍልተሽ አጠጣሻቸው?"

"አዎ።"

"ጠጥተው ሄዱ?"

"ሄዱ።"

"ልጅሽንም ሳይነኩ?"

"ሳይነኩ።"

"እንግዲህ ያ መዝሙር ሥራውን ሠርቷል" አሉ። ከዚያ ወደ ዘሀራ ዞሩ። "ነገ ወልድያ እሄዳለሁ።"

"በምን እግርህ?"

"በመኪና እግር።"

ማታውን እዚያው አደርኩ።

መልስ ጉዞ

ጠዋት ከጋሽ ይማም ጋር ተሳፈርን። ዘሀራ ለአባባ ማርና ሁለት ዶሮ ጫኑ፤ ዶሮዎቹ እስከ ወልድያ እግሬን ሲነክሱ ሄዱ። ኬላው ላይ የትናንቱ ጥበቃ ነበር፤ "ብርቱካኗ!" ብሎ አሳለፈኝ።

ሲሪንቃ ላይ ሾፌሩን ለምኜ አስቆምኩት። ብሮጥ ይሻለኛል ብዬ ሮጬ ገባሁ። ፋንታዬ ደጅ ትጠርግ ነበር። ቆሜ፣ ምንም ሳላሳምር፣ "ደብተሩን አቃጥዬዋለሁ። የባልሽ ቃል የለም። ትናንት ዋሽቼሻለሁ" አልኳት። መጥረጊያዋን ይዛ አየችኝ። መኪናው ጡሩምባ ነፋ። "ደህና ግቢ" አለችኝ። እየጠረገች ነበር ትቻት የሄድኩት። ጋሽ ይማም እንባዬን አይተው የአንዱን ዶሮ እግር ፈተው እንደገና በማሰር ሥራ ያዙ።

ቤት

ሕይወት ሳታጣራ በሩን አልከፈተችም። "ማነው?" አለች ሦስት ጊዜ። ጎበዝ።

አባባ በትራስ ተደግፈው ነበር። ጋሽ ይማም ጎንበስ ብለው ገቡና ደፉ ላይ ቆሙ። "አንተ ደንቆሮ! እንዴት ነህ?" አሉ። የአባባ ግማሽ አፍ ሳቀ፤ ዓይናቸው ሁለቱም አለቀሰ። ጋሽ ይማም አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው የማይታዘዘውን የአባባን ቀኝ እጅ አንሥተው በሁለት እጃቸው ያዙት።

ወዲያው አባባ ግራ እጃቸውን አንሥተው ሳጥኑን ጠቆሙ። እንደ ወትሮው ሳይሆን አጥብቀው፣ ደጋግመው።

ተንበረከክሁ። "አባባ፣ ደብተሩ የለም። ለሕይወት ፈርቼ አቃጠልኩት። ካድሬዎቹ ያደረጉትን አደረግሁብዎት። ይቅር ይበሉኝ" አልኩ።

አዩኝ። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የመቆጣት አልነበረም፤ ያልገባት ልጅ ሲያጋጥማቸው እንደሚያደርጉት ነው። እንደገና ሳጥኑን ጠቆሙ። አልተረዱኝም ብዬ ልደግመው ስል ጋሽ ይማም በእጃቸው አስቆሙኝ።

"ቆይ፣ መጀመሪያ እኔ ላስረክብ" አሉ። ቆባቸውን አስተካክለው፣ መንዙማ ላይ እንደሚያደርጉት በለሆሳስ እያጨበጨቡ አሉት፦

ጌታዬን ስጠራው፣ ከሰማይ ጠብቄ፣
በጎረቤት ጋቢ፣ አገኘሁት ሞቄ።

"'ጌታዬ' ነው ያለው" አሉ ወደ እኔ ዞረው። "እኔም ጌታዬ እላለሁ። አፌን አልከበደውም።"

እኔ ግን ሌላውን ቃል ነበር የሰማሁት። አባባ ከውርጌሳ የመጡ ዕለት ሰማያዊ ጥለት ያለው ጋቢ ለብሰው ነበር። ሲታመሙ አውልቄ አጠብኩት፤ እንዳይጠፋ ብዬ ሳጥኑ ውስጥ አድርጌ ቆለፍኩበት። የማን እንደሆነ አንድ ቀን አልጠየቅሁም። የኅሊናዬ ደብተር ዓይኔን ሸፍኖት ነበር።

ሳጥኑን ከፍቼ ጋቢውን አወጣሁ። አባባ ዓይናቸውን ጨፈኑና ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። ያ ሁሉ ወር፣ በየማለዳው፣ ስለ ደብተሩ አንድም ቀን አልጠየቁኝም። የሰው ጋቢ መልሺ ነበር የሚሉኝ፤ ሰውዬው ብርዱን በስስ ኮት እንደሚቆም እያሰቡ።

"እኔ አልወስደውም" አሉ ጋሽ ይማም። "ከወሰድኩት ግጥሙ ውሸት ይሆናል።"

"እእ!" አሉ አባባ።

"እሺ፣ እሺ፤ ታሞም ይቆጣል" ብለው ለበሱት።

ከዚያ ዘመርን። እኔ የበሩን፣ ቀጥሎ የሐራውን፣ ሕይወት በእትዬ ጥሩወርቅ ፈንታ የብርቱካኑን፣ ጋሽ ይማም የጋቢውን። የሲሪንቃው ተራ ሲደርስ ዝም አልን። ያን ጊዜ አባባ ራሳቸው አንጎራጎሩት፤ ያለ ቃል፣ በግራ ጣታቸው የአልጋውን እንጨት እየመቱ። ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ። ልክ ፋንታዬ ያንጎራጎረችው ነበር።

ስንጨርስ አባባ ጠሩኝ። ጎንበስ ስል በግራ እጃቸው አንገቴ ላይ ያለውን ክር ያዙ፤ በራሴ በኩል አውጥተው ቁልፉን መዳፌ ውስጥ አኖሩና ጣቶቼን አጠፉልኝ።

ከጉዞው የተማርኩትን ልናገርና ላብቃ። ወረቀት ይቃጠላል፤ ሰውም ይሞታል። ሁለቱንም አይቻለሁ፤ ስለዚህ አሁን ሁለቱንም እጠብቃለሁ። አዲስ ደብተር ገዝቼ ጽፌያለሁ፤ ከስንኞቹ አጠገብ ግን የማንንም ስም አልጻፍኩም። በሲሪንቃው ቦታ ሁለት ባዶ መስመር ተውኩ። ከዚያ ጉዞ በሦስተኛው እሑድ ፋንታዬ ሳልጠራት መጣች፤ ሰላም አለችኝ፣ ከአባባ አጠገብ ተቀመጠች። ደብተሩን ከፍቼ አሳየኋት። ማንበብ አትችልም፤ ባዶውን ቦታ ግን ወዲያው ለየችው። ጣቷን እዚያ ላይ አድርጋ ማንጎራጎር ጀመረች፤ አባባም ተቀበሏት።

ሳጥኑን አሁን አልቆልፈውም። በሩን ግን እስከ ዛሬ ተመልሼ አያለሁ።